ስደተኛ ሥራ ይቀማል ወይ? ክርክሩ ይኸው

ሞጋቹ፦ ነገር አላስረዝምም። ያለው ሥራ የተቆጠረ ነው፤ አንድ የውጭ ሰው ሲቀጠር አንድ የአገሩ ልጅ ይወጣል። ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚክስ መማር ያስፈልጋል?

የቁጥር ሰው፦ ወንድሜ፣ "የተቆጠረ ነው" ያልከው ላይ ነው የምንለያየው። የመጣው ሰውም ይበላል፣ ይለብሳል፣ ቤት ይከራያል፤ ይህ ሁሉ ለሌላው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከኩባ ማርየል ወደብ 125,000 ያህል ሰው በጥቂት ወራት አሜሪካ ገባ። ብዙዎቹ የሰፈሩባት የማያሚ ከተማ ሠራተኛ ቁጥር በአንዴ 7 በመቶ ገደማ ጨመረ። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪው ዴቪድ ካርድ በ1990 ባሳተመው ጥናት ከተማዋን ከሌሎች ጋር ቢያነጻጽር፣ በደመወዝም በሥራ አጥነትም ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላገኘም።

ዝም አልልም፦ ቆይ ቆይ፣ ግማሹን ብቻ አትንገረን እንጂ! ያንኑ የማያሚን ጉዳይ ሌላው የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ ጆርጅ ቦርጃስ መልሶ መርምሮ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱ ወንዶች ደመወዝ ከ10 እስከ 30 በመቶ ወርዷል ብሏል።

የቁጥር ሰው፦ ብሏል። ያጠናኸው ሰው ቁጥር ትንሽ ነው ብለው ቦርጃስን የሞገቱትም አሉ፤ እስካሁን አልተቋጨም። ግን ልብ በይ እህቴ፣ እሱም ቢሆን ስለ አንድ ቡድን ነው ያወራው።

ዝም አልልም፦ ያ "አንድ ቡድን" የምትለው እኮ ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር ሰው ነው። በአማካይ አልተጎዳህም ቢባል ምን ይጠቅመዋል?

ሞጋቹ፦ ይኸው! ታዲያ በሩን መዝጋት ነዋ።

ታዛቢ፦ ተዘግቶም ታይቷል። አሜሪካ ከ1942 ጀምሮ "ብራሴሮ" በተባለ ስምምነት የሜክሲኮ እርሻ ሠራተኞችን ስታስገባ ቆይታ በ1964 መጨረሻ አቆመች፤ የአገሬው ሠራተኛ ደመወዝ ከፍ ይላል ተብሎ። በኋላ ያጠኑ ተመራማሪዎች ብራሴሮ በበዛባቸው ግዛቶች ደመወዝ ከሌሎቹ የተለየ ጭማሪ አለማሳየቱን ደረሱበት። ባለእርሻዎቹ ማሽን አስገቡ፤ ቲማቲም በማሽን መልቀም የተስፋፋው ያኔ ነው። ማሽን ያልተገኘለትን ሰብል ደግሞ ቀነሱ።

ሞጋቹ፦ እሺ፣ ደመወዙ ይቅር። ግብራችንስ ለስደተኛ ይውጣ?

ዝም አልልም፦ እዚህ ላይ ከአንተም አልስማማም። ለሥራ ደርሶ የመጣን ሰው ወጪ አውጥቶ ያሳደገው ሌላ አገር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች የ2016 ሪፖርት እንደሚለው፣ የመጀመሪያው ትውልድ፣ ማለትም ራሱ የመጣው ሰው፣ በግዛትና በከተማ በጀት ላይ ወጪ ያበዛል፤ በዋናነት ለልጆቹ ትምህርት። እነዚያው ልጆች ሲያድጉ ግን ከማንም በላይ ለመንግሥት ካዝና ከሚያስገቡት ውስጥ ናቸው። እኔን የሚያናድደኝ ትምህርት ቤቱን ከተማው ከፍሎ፣ የገቢ ግብሩን በብዛት ማዕከላዊው መንግሥት መውሰዱ ነው።

ሞጋቹ፦ ግብሩን ለከተማው ማካፈል ነዋ! የሚያካፍል መንግሥት ካለ አሳዩኝ።

ታዛቢ፦ እንግሊዝ በ2009 በቪዛ ክፍያ ላይ ጭማሪ አድርጋ፣ ስደተኛ ለበዛባቸው አካባቢዎች የሚውል ፈንድ አቋቁማ ነበር።

ሞጋቹ፦ ነበር?

ታዛቢ፦ በ2010 መንግሥት ሲቀየር ተሰረዘ።

ሞጋቹ፦ በል እንግዲህ።