«ላቲኔ ጠፋብኝ» በአማርኛ ምን ተብሎ ይፈታ?

ጦሳ ሥር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። የእህቴ ልጅ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት። ሊሴ (ሁለተኛ ደረጃ) ትማራለች፤ ከሌላው ትምህርት ጋር ላቲንን በምርጫ ወስዳለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ እኔ አማርኛዋን አርምላታለሁ፣ እሷ የተማረችውን ታጫውተኛለች። ባለፈው እሑድ ገና ከሰላምታው ሳንወጣ «አጎቴ፣ ዛሬስ ላቲኔ ጠፋብኝ» አለች። እናቴ አጠገቤ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን አቁማ «ምኗ ነው የጠፋው? መጽሐፏ? ያን ሁሉ ብር ወጥቶበት!» ብላ ጮኸች። እኔም ብሆን ያሰብኩት የመማሪያ መጽሐፍ ነው፤ «አውቶቡስ ላይ ረስተሽው እንዳይሆን» ማለት ጀምሬ ነበር።

የጠፋ መጽሐፍ የለም። የሒሳብ የቤት ሥራዋ አልፈታ ብሏት ነው። ፈረንሳዮች አንድ ነገር ጨርሶ ሲያደናግራቸው «ዢ ፔር ሞን ላቴን» ይላሉ (የመጨረሻዋን «ን» በአፍንጫ ዋጥ አድርጓት)። ቃል በቃል «እዚህ ላይ ላቲኔን አጣለሁ» ማለት ነው።

ቤታችን በዚህች ልጅ ትምህርት ሲሳሳት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አምና «ሁለተኛ ነኝ» አለችን፤ ዘንድሮ ደግሞ «አንደኛ ነኝ»። እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች፣ «ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ወጣች» ብላ አበሠረች፣ እልልታው ቀለጠ። ለካ ፈረንሳዮች ክፍል የሚቆጥሩት ወደ ታች ነው፤ ስድስተኛ፣ አምስተኛ፣ አራተኛ እያሉ ይወርዱና ከአንደኛ በኋላ «ተርሚናል» ብለው ይዘጉታል። የእነሱ «አንደኛ» የእኛ አሥራ አንደኛ ክፍል መሆኑ ነው። ለጎረቤት እስካሁን አላስተባበልንም።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ይህን ፈሊጥ በአማርኛ እንዴት ትሉታላችሁ? ለልጅቷ የምልክላት ስለሆነ የቃል በቃል ትርጉም አልፈልግም።

የቦርከናው፦

«ግራ ገባኝ»። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ጦሳ ሥር፦

ስሕተት የለበትም፤ ጨው ግን የለውም። በፈረንሳይኛው ውስጥ የተማረ ሰው ኩራት አለ፤ ላቲን የነበረው ሰው ነው ላቲኑ የሚጠፋበት። «ግራ ገባኝ» ግን ገበያ መሐል መንገድ የሳተ መንገደኛም ይለዋል።

ሸዋ በር፦

አብሽር ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ የእኔን ዘመን ሰዎች የሚመለከት ነው። እኔ ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ፈረንሳይኛ ለፈለገ ይሰጥ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በፊትማ በአገራችን ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ዋነኛው የውጭ ቋንቋ እሱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1941 በኋላ ነው እንግሊዝኛ ቦታውን የወሰደው። እኔ የደረስኩት ፍርፋሪው ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ የቀረችኝ «ላ ፕሉም ደ ማ ታንት» ናት፤ «የአክስቴ ብዕር»። ይህችን ዓረፍተ ነገር ይዤ የትም አልደረስኩባትም፣ ግን ከአፌ አትወጣም።

እሷንም ብትሆን አትናቋት። «ፕሉም» መጀመሪያ ላባ ማለት ነው፤ ከላቲኑ «ፕሉማ» የመጣ። አውሮጳ በዝይ ላባ ይጽፍ ስለነበር ላባው ብዕር ሆኖ ቀረ። የእኛ «ብዕር» ደግሞ ከግዕዙ «ብርዕ» ነው፤ ሸምበቆ፣ መቃ ማለት። የእኛ ጸሐፊዎች መቃ ቀርጸው ነው ብራና ላይ የጻፉት። አንዱ ከወፍ፣ አንዱ ከወንዝ ዳር አመጣው።

ወደ ፈሊጡ ልመለስ። በጥንቱ ፈረንሳይኛ «ላቲን» ሲባል የሮማውያን ቋንቋ ብቻ አልነበረም። ማንኛውም ቋንቋ፣ የወፎች ዝማሬ ሳይቀር፣ «ላቲን» ይባል ነበር፤ አስተርጓሚው ደግሞ «ላቲኒዬ»። ቤተ ክህነቱም ዩኒቨርሲቲውም በላቲን ይሠራ ነበርና ፓሪስ ውስጥ ተማሪና መምህር የሚኖርበት ሰፈር እስከ ዛሬ «የላቲን ሰፈር» ይባላል። ስለዚህ «ላቲኔን አጣሁ» ያለ ሰው መጽሐፍ አልጠፋበትም፤ እናትህን ይህን ንገራቸው። የጠፋው የሚያስብበት ቋንቋ ነው። ለተበላሸ ላቲን ደግሞ «የወጥ ቤት ላቲን» የሚሉት ስድብ አላቸው፤ እሱን ልጅቷ ቀድማ ሳታውቀው አልቀረችም።

የእኔ ምርጫ «ቅኔ ሆነብኝ» ነው። እዚያ ላቲን፣ እዚህ ቅኔ፤ ሁለቱም የሊቅ ነገር ናቸው።

ሐረጎ፦

ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና ልቃወም። ቅኔ ቤት የቆየሁ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ቃሉ ያመኛል። «ቅኔ ሆነብኝ» የሚል ሰው ነገሩ ወርቅ እንዳለው አምኗል፤ ሰሙን አይቷል፣ ወርቁ አልወጣለትም፣ ያ ብቻ ነው። እንዲያውም በትንሹ ምስጋና አለበት። ልጅቷ የሒሳብ የቤት ሥራዋን እያመሰገነች አይደለም።

ለፈሊጡ ሌላ ሰው መልስ ይስጥ፤ እኔ ግን ለልጅቷ አንድ ስጦታ አለኝ። ላቲን በእኛ መጻሕፍት ስም አለው፤ «ሮማይስጥ»። ዮሐንስ 19፥20 ላይ በመስቀሉ ራስ የተጻፈው «በዕብራይስጥና በሮማይስጥ በግሪክም» እንደነበር ይነበባል። በየዓመቱ ስቅለት ስንሰማው አልፈን እንሄዳለን። የቃሉ ጭራ «ይስጥ» የእኛ አይደለም፤ ግሪኩ «ሮማይስቲ»፣ «ሄብራይስቲ» ይላል፤ «በሮማውያን ቋንቋ»፣ «በዕብራውያን ቋንቋ» ማለት ነው። ተርጓሚዎቻችን ከነጭራው ወሰዱት። የሶርያን ቋንቋ «ሱርስት» የምንለውም ከዚያው ቤት ነው።

ሁለተኛው ስጦታ ሰዋስው ነው። ላቲን ተማሪዎችን የሚያስፈራቸው ስም በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደ ሙያው መጨረሻው ስለሚለዋወጥ ነው። ባለቤት ሲሆን «ሬክስ» (ንጉሥ)፣ ተሳቢ ሲሆን «ሬጌም»። በግዕዝስ? «ንጉሥ» መጣ ስንል መጨረሻው ሳድስ (ስድስተኛው ፊደል)፣ ርእየ «ንጉሠ» (ንጉሥን አየ) ስንል ግዕዝ (አንደኛው ፊደል)። የእኛ ተማሪ ይህን ዜማ አድርጎ ነው የሚያድገው።

አሁን «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ጎን ለጎን አስቀምጡት። ላቲኑ «ሬክስ ሬጉም» ይላል፤ «ሬክስ» እንደነበረ ቆሞ የተለወጠው ሁለተኛው ነው፤ «ሬጉም»፣ የነገሥታት። ግዕዙ ተቃራኒውን አደረገ፤ «ነገሥት» እንዳለ ቆሞ የፊተኛው «ንጉሥ» ወደ «ንጉሠ» ተለወጠ። ባለቤትነትን አንዱ በባለንብረቱ ላይ፣ አንዱ በንብረቱ ላይ ያትማል። ፈረንሳይኛው ሁለቱንም ሳይነካ መሐል ላይ «ደ» አስገባ፤ አማርኛው «የ» ጨምሮ «የነገሥታት ንጉሥ» አለ። ይህን አንድ ገበታ ላይ ጽፋ ለመምህሯ ብታሳይ እንዴት ደስ ባለኝ።

የቦርከናው፦

ይኸው ነው እንግዲህ፤ ላቲን ፈረንሳይኛን ወለደ፣ ግዕዝ አማርኛን ወለደ። ነገሩ አንድ ነው።

ሐረጎ፦

አንድ አይደለም። ፈረንሳይኛ ከሚነገረው ላቲን በቀጥታ የወረደ ልጅ ነው። አማርኛን ግን የቋንቋ ሊቃውንት ከደቡቡ የኢትዮጵያ ሴማዊ ክፍል ይመድቡታል፣ ግዕዝን ከሰሜኑ። አማርኛ ከግዕዝ ያልተበደረው የለም፤ የተበደረ ሁሉ ግን ልጅ አይባልም። የአክስትና የእህት ልጅ ብትላቸው ይሻላል።

ሌላም ልዩነት አለ። ግስ ስናጠና የምንነሣው «ቀተለ» ብለን ነው፤ «እሱ ገደለ»። ላቲኖቹ «አሞ» ብለው ነው፤ «እኔ እወዳለሁ»። ፈረንሳዮቹ «ኤሜ»፤ «መውደድ»። እኛ ከገዳይ ስንጀምር እነሱ ከፍቅር መጀመራቸው ቅኔ ቤት ሳለን መሳቂያችን ነበር።

ጦሳ ሥር፦

ይህን ሁሉ ማክሰኞ ማታ አነበብኩላት። «ሮማይስጥ» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከእሷ በኩል ደግሞ አንድ ጥያቄ መጣ፤ በፈረንሳይኛ ክፍል «ሴዛር» ይላሉ፣ በላቲን ክፍል መምህሯ «ካይሳር» እንዲሉ ያዛሉ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አለች። «ቄሳር» ስላት ዝም አለች፣ ከዚያ «እናንተ ትክክል ናችሁ!» ብላ ጮኸች።

ሐረጎ፦

ናት! ሮማውያን በቃሉ ራስ ያለውን «C» የተባለ ፊደል በየትም ቦታ «ክ» ብለው ነው የሚያነቡት፤ «ሲሴሮ» የምንለውም በእነሱ አፍ «ኪኬሮ» ነበር። «ስ» እና «ች» የመጡት በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው ፈረንሳዩ «ሴዛር»፣ ጣሊያኑ «ቼዛሬ» የሚለው። ግዕዝ ቃሉን በግሪክ በኩል ገና ድምፁ ሳይለወጥ ስለተቀበለ «ቄሳር»፣ «ቂሣርያ» ብሎ ይዞ ቀረ።

የቦርከናው፦

ፈረንሳይኛው ከተነሣ እኔም ልጨምር። «ለገሃር» ፈረንሳይኛ ነው ሲሉ እሰማለሁ። ወሎ ውስጥ ለጋምቦ አለ፣ ለገሂዳ አለ። «ለጋ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። አዲስ አበባም አጠገብ ለገጣፎና ለገዳዲ አሉ። ታዲያ ለገሃር ብቻ ከፓሪስ መጣ?

ሸዋ በር፦

ጥሩ ጆሮ አለህ፤ ጆሮህ ግን አሳሳተህ። የቃሉን መንገድ ተከተል። የባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳዮች ነበር፤ ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የባቡር ጣቢያ በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» ነው፤ «ላ» መስተአምሩ ሳይቀር ተጣብቆ ገባ። ስሙ የጣቢያው ነው፣ የወንዝ አይደለም። ለጋምቦና ለገሂዳ ግን ኦሮምኛ መሆናቸው ትክክል ነው፤ እዚያ ሐዲድ አልደረሰም።

ሌሎቹንም አስብ። ሹፌሩ፣ ቢሮው፣ በቢሮው ውስጥ አቧራ የለበሰው ዶሴ፤ ሦስቱም ፈረንሳይኛ ናቸው። አዲስ አበባ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚባለው ሰፈር ስሙ ከነትርጉሙ ነው። «ፈረንጅ» ራሱ ፍራንክ ከተባለው ሕዝብ ስም የወጣ ነው፤ «ፈረንሳይ» ም እንዲሁ። ስለዚህ እናቶቻችን ጀርመኑንም አሜሪካኑንም «ፈረንጅ» ሲሉ ሁሉንም ፈረንሳይ አድርገዋቸዋል።

አዝዋ ገደል፦

ወንዶቹ ንጉሥና ቄሳር ላይ ስትሰነብቱ የልጅቷ ጥያቄ ሜዳ ላይ ቀረ። መልሱ መጀመሪያው መልእክት ውስጥ ተቀምጧል፣ በእናትየው እጅ ላይ።

«ውሉ ጠፋብኝ»።

ጥጥ ፈትላችሁ ካላወቃችሁ ላስረዳ። ከእንዝርቱ የወረደው ፈትል ይጠቀለልና ልቃቂት ይሆናል። የልቃቂቱ የፈትል ጫፍ ውል ይባላል። ውሉ በእጅሽ ካለ ልቃቂቱ መሬት ላይ እየተንከባለለ ይተረተራል፣ ምንም አያስቸግርም። ውሉ ሸርተት ብሎ ከገባ ግን ጥጡ ሁሉ በእጅሽ ነው፣ አንድም ክንድ ፈትል አይወጣልሽም። አገላብጠሽ፣ በጥፍርሽ ቆንጠር ቆንጠር አድርገሽ፣ ወደ ብርሃን አስጠግተሽ ትፈልጊዋለሽ። ትዕግሥት ያነሳት በጣቷ ትበጥሰዋለች፤ ከዚያ ቋጠሮ ነው፣ ቋጠሮው ደግሞ ኋላ ጋቢው ላይ ይታያል። አያቴ ቋጠሮ የበዛበትን ልቃቂት አይታ የፈተለችውን ሴት ጠባይ ትናገር ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜም አትስትም።

ፈረንሳዩ ከላይ እንደተባለው ላቲን ነበረው፣ ጠፋበት። እኛም ውል ነበረን፣ ጠፋብን። ዕውቀቱ አለ፣ መጀመሪያው ነው የታጣው። የሒሳብ የቤት ሥራ ከዚህ ሌላ ምን ያደርጋል? «ግራ ገባኝ» መጀመሪያም ምንም ላልነበረው ሰው ነው፤ «ቅኔ ሆነብኝ» ለአድናቂ።

ሐረጎ፦

እጄን ሰጠሁ። የሊቅ ኩራቱ ቀርቶበታል እንጂ ሌላው ሁሉ ገጥሟል።

አዝዋ ገደል፦

የፈታይ ኩራት አይበቃህም?

ጦሳ ሥር፦

«ውሉ ጠፋብኝ» ብዬ ጽፌ፣ የእናቴን ልቃቂት ፎቶግራፍ አንሥቼ ላክሁላት። ልጅቷ መዝገበ ቃላት ከፍታ «ውል የቤት ኪራይ ስምምነት አይደለም እንዴ?» አለችኝ፤ እሱን ለማስረዳት ሌላ እሑድ ያስፈልጋል። ስሕተቷን ግን ወድጄላታለሁ፣ በእኔ ላይ የደረሰው በእሷም ደረሰ።

እናቴ ግን አላመነችም። ላቲን ቋንቋ ነው፣ አይጠፋም፣ ፈሊጥ ነው ብዬ ደጋግሜ ነገርኳት። «እሺ» አለችኝ። ዛሬ ከሰኞ ገበያ ስትመለስ ከዘንቢሏ ውስጥ ጠንካራ ልባስ ያለው ትልቅ ደብተር አወጣች። ለክረምት ስትመጣ እንድትሰጣት ነው፤ «ስሟን በትልቁ ጻፍበት፣ ያገኘ ሰው እንዲመልስላት» አለችኝ።