«ይገባኛል» ማለት መብት ነው ወይስ ዓይን አውጣነት?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ የሠራተኞች መመሪያ ወደ አማርኛ ስመልስ «ኢንታይትልመንት» የምትል የእንግሊዝኛ ቃል አስቸገረችኝ፤ ለአንድ ሰው የሚገባውን ነገር ትገልጻለች። የዓመት ዕረፍትን የሚመለከት አንቀጽ ነበር። እኔ «መብት» ብዬ ጻፍኩ። አራሚው ሰርዞ «ድርጅቱ የሚሰጠው ጥቅም» አደረገው። ለምን ስለው፣ «ቃሉ እኮ ዛሬ ስድብ ሆኗል፤ መብት ካልሽው ሰው ይጠግባል» አለኝ። ከነገረኝ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሠርተው ያገኙት ዕረፍት እንዴት ስጦታ ይባላል? እስቲ ተከራከሩልኝ።

ሞጋቹ፦
እኔ ከአራሚው ጋር ነኝ። ቃል የሚኖረው ሰው አፍ ላይ ነው። ዛሬ «እሱ ኢንታይትልድ ነው» ስንል ተራ የማይጠብቅ፣ ሳይለፋ ሁሉ እንዲቀርብለት የሚፈልግ፣ እምቢ ሲሉት የተበደለ የሚመስለው ሰው ማለታችን ነው። ባለሙያዎቹም በዚሁ ትርጉም ይጠቀሙበታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ለናርሲሲዝም፣ ማለትም ራስን ከልክ በላይ ለማግዘፍ ችግር፣ ዘጠኝ መለያዎች ያስቀምጣል። አንዱ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ተመራማሪዎች ጠባዩን የሚለካ መጠይቅ አውጥተዋል። ታዲያ «መብት» ብሎ መተርጎም አንባቢን አያሳስትም?

ጠበቃው፦
ወንድሜ፣ ስድቡ የቃሉ የልጅ ልጅ ነው። አያቱ ሰነድ ነው። «ታይትል» የባለቤትነት ማስረጃ አይደል? ኢንታይትልድ ነህ ማለት ማስረጃው በእጅህ አለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣውን የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ተመልከት። አንቀጽ 10 ማንኛውም ሰው በገለልተኛ ፍርድ ቤት በእኩልነት መሰማት ይገባዋል ሲል እንግሊዝኛው የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው።

በአሜሪካ በጀት ውስጥም ደረቅ የሒሳብ ቃል ነው። ሕጉ ያስቀመጠውን መስፈርት ላሟላ ሁሉ መንግሥት መክፈል አለበት፤ ሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ ኮንግረስ፣ በየዓመቱ ልስጥ አልስጥ ብሎ አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ1935 የተጀመረው የጡረታ ዋስትና ሶሻል ሴኩሪቲና በ1965 የመጣው የአረጋውያን የጤና መድን ሜዲኬር የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ፖለቲከኞች «ኢንታይትልመንት እንቀንስ» ማለት ሲጀምሩ ቃሉ መጥፎ ሽታ ያዘ። አሁን ብዙ ጡረተኛ ስሙን ሲሰማ ይቆጣል። ለሶሻል ሴኩሪቲ ሠራተኛ ከደመወዙ 6.2 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። ዕድሜውን ሙሉ ከፍሎ «ይገባኛል ባይ» ሲባል እንዴት አይቆጣ? በጣም የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። ከሁሉም በላይ መብት ያለው ሰው ቃሉን ሸሸው።

ሞጋቹ፦
ጠበቃችን፣ አንድ ነገር ዘለልክ። እ.ኤ.አ. በ1960 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሀገር የተባረረ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ሲቆረጥበት «ይህ እንደ ንብረት የተረጋገጠ መብት አይደለም፣ ኮንግረስ ሊያሻሽለው ይችላል» ብሏል። ሊነሳ የሚችል ነገር ምኑ መብት ነው?

ጠበቃው፦
ልክ ነህ፣ ብሏል። ያው ፍርድ ቤት ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ የድሃ ድጎማ ተቀባይን ሳያዳምጡ ድጎማውን ማቋረጥ አይቻልም ብሎ ፈርዷል። ሕጉን ሊቀይሩት ይችላሉ። ሕጉ እስካለ ድረስ ግን ሳይሰሙህ አይነጥቁህም። ችሮታ ቢሆን ኖሮ ማን ሊሰማህ ግድ ይኖረው ነበር?

የኢኮኖሚ መምህርቷ፦
ሁለታችሁም የረሳችሁት ሦስተኛ ትርጉም አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት ረሃብን ያስረዳው በዚህ ቃል ነው። ሰው የሚራበው በሀገሩ እህል ስለጠፋ ብቻ አይደለም ይላል። እህሉን በእጁ የሚያስገባበት መንገድ ስለሚዘጋበትም ነው። ያ መንገድ የራስ ምርት ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከብት ሸጦ መሸመት፣ ወይም የጉልበት ደመወዝ። ሴን እ.ኤ.አ. የ1943ቱን የሕንድ ቤንጋል ረሃብ ያየው በልጅነቱ ነው። ካጠናቸው ረሃቦች ሌላው የእኛው የወሎ ነው። በእርሱ ጥናት መሠረት በረሃቡ ወቅት የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ የወጣ እህል ነበር። ገበሬው ማሳው ከደረቀና ከብቱ ካለቀ በምን ይግዛ?

እዚህ ላይ ማንም ሕግ ላይጥስ ይችላል። ነጋዴው የራሱን እህል ይሸጣል፣ ገዢው በገንዘቡ ይገዛል፣ ሰው ግን ይሞታል። ታዲያ «መብት» ብዬ ብተረጉመው ሴንን እዋሻለሁ። «ይገባኛል ባይነት» ብል ደግሞ በሙታን ላይ ስድብ ይሆናል። ሞጋቹ ልጄ፣ አንድ ትርጉም ይዘህ ሌላውን ልታጠፋው አትችልም።

ሞጋቹ፦
መምህርት፣ ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ስለ ወሎው እቀበላለሁ። ለጠባዩ ግን አሁንም ስም ያስፈልገናል። እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሉ።

አድማጭ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የኛ ችግር ከእንግሊዝኛው በፊት የጀመረ ይመስለኛል። እኛ የኖርነው ደጅ ስንጠና ነው። የሚገባንን ለማግኘት እጅ እንነሳለን፣ አማላጅ እንልካለን፣ ሲሰጠን እንመርቃለን። ቀጥ ብሎ «ይገባኛል» የሚል ሰው ለጆሯችን ይሻክራል። አራሚውንም የሻከረው ለዚህ ይሆናል። እናቴ የጡረታ ገንዘቧን ስትቀበል ለሚከፍላት ልጅ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር» ትለው ነበር። ትሕትናዋን እወደዋለሁ። ግን አንድ ወር ሲያስቀሩባት መጠየቅ አፈረች። ስድብ የፈራ ሰው ያለውንም ያጣል።

ተርጓሚዋ፦
አድማጭ፣ የእናትህ ነገር አንጀቴን በላው። አመሰግናለሁ።

እኔ እንዲህ ወስኛለሁ። በመመሪያው ላይ «ለሠራተኛው የሚገባው የዓመት ዕረፍት» ብዬ እመልሰዋለሁ። አራሚው ከሰረዘው በድጋሚ እጽፈዋለሁ። ሞጋቹ ለሚለው ጠባይ «ይገባኛል ባይነት» ይሁን፤ «ባይ» የምትለው ሰውዬው ማለቱን እንጂ እውነት የሚገባው መሆኑን አትናገርም። ደግሞ የአማርኛችን ነገር ይገርማል። «ይገባኛል» ስንል ያው ቃል «እረዳለሁ» ማለትም ነው።

መምህርት፣ ለሴን ቃል ግን «የማግኛ መንገድ» ከማለት የተሻለ አልመጣልኝም። የተሻለ ያለው እባካችሁ ይጻፍልኝ።

የኢኮኖሚ መምህርቷ፦
«የማግኛ መንገድ» አልከፋኝም። ነገ ክፍል ውስጥ እሞክረዋለሁ።