«ፖስታ ለዪ» ማለት ምን ማለት ነው?

መሲ ከሪችመንድ፦ ትናንት ማታ ቨርጂኒያ ስላለው የአሜሪካ ጦር ካምፕ፣ እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) ፎርት ግሬግ አዳምስ ይባል ስለነበረው ፎርት ሊ ስናወራ ዳዊት «ድሮም ካምፕ በፖስታ ለዪ ስም መጠራት አልነበረበትም» ብሎ ጻፈ፣ ሰባት ሰው ላይክ አደረገው። እንቅልፍ ነው የነሳኝ። ካምፑ በስሟ ይጠራ የነበረው ሻለቃ ቻሪቲ አዳምስ፣ የጥቁር ሴቶቹ የፖስታ ጦር (6888ኛው) አዛዥ፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ 855 ሴቶች ይዛ እንግሊዝ በርሚንግሃም ስትገባ የጠበቃት ወደ 17 ሚሊዮን የሚጠጋ ያልደረሰ ደብዳቤና ጥቅል ነው። መጋዘኑ ማሞቂያ የለውም፣ መስኮቱ በቦምብ ስጋት ተሸፍኗል፣ የገና ኬክ ሻግቶ አይጥ ፈልቶበታል። ፖስታ ለዪ አልከኝ?

ዳዊት፦ ሥራቸውን አልናቅኩም። ያልኩት ካምፕ በተዋጋ ሰው ስም ይጠራ ነው። ደግሞ አሁን የተሰየመለት ፊትዝ ሊ እኮ ጥቁር ነው፣ የ10ኛው ፈረሰኛ ተራ ወታደር፣ በ1898 ኩባ ላይ ቁስለኛ ጓዶቹን ሊያወጣ ገብቶ ሜዳል ኦፍ ኦነር፣ የአሜሪካን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ፣ የተሸለመ። ምን አጣን?

መሲ፦ ፊትዝ ሊን ማን ነካው? ሕጉ የኮንፌዴሬት (በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለባርነት የተዋጋው ወገን) ስም ስለከለከለ ነው «ሊ» የሚባል ሌላ ሰው ተፈልጎ የተገኘው። ስሙ በ2023 ሲቀየር የኮንፌዴሬቱ ጄኔራል የሮበርት ሊ ስለነበረ ነው የተቀየረው፣ በ2025 የተመለሰውም ያው ስም ነው። ጀግናውን ለብቻው አክብሩት፣ መሸፈኛ አታድርጉት።

ቢኒ፦ የአዳምስ ብቻ አልነበረም እኮ፣ ፎርት ግሬግ አዳምስ ነበር። ጥቁሩን የሎጂስቲክስ ጄኔራል ግሬግን በወጣትነቱ እዛው ካምፕ ያለው የመኮንኖች ክለብ በቀለሙ አላስገባም ብሎት ነበር። እሱን ለምን ትዘሉታላችሁ?

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ ወታደር ማለት የሚዋጋ ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ዘምቶ አንድም ምርኮኛ አልሰጠም። ያንን ከፖስታ ለዪ ጋር አንድ አታድርጉት።

መሲ፦ ጋሼ በአክብሮት ነው የምመልስልዎት፣ ቃኘውን ከማንም ጋር አላወዳደርኩም። ግን ኮሪያ የነበረው ሰው ደብዳቤውን ማን አደረሰለት? የኔ አያት ኮሪያ ነበሩ። አያቴ ሴትዮዋ ከሳቸው የመጣውን አንዱን ደብዳቤ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ስትዞር እናቴ ታስታውሳለች፣ ማንበብ እንኳን አትችልም ነበር፣ በሕይወት አለ ማለት ነው ብላ ነው የያዘችው።

ዳዊት፦ ክርክሩን ወደ አያት አታምጪው፣ ስሜት ነው ይሄ።

መሲ፦ እንግዲያው ስለ ሥራው እናውራ። ስሙ ፖስታ ይባል እንጂ የሰው ኃይል አስተዳደር ነው። ሰባት ሚሊዮን ካርድ ነበራቸው፣ እያንዳንዱ ሰው የት ክፍል እንዳለ፣ ተዛወረ፣ ቆሰለ፣ ሞተ የሚል። ሮበርት ስሚዝ የሚባል ብቻ 7,500 ሰው፣ በመለያ ቁጥር ነው የሚለዩት። አንተ አዲስ አበባ ሄደህ አበበ ከበደ ብለህ ፈልግ እስኪ። አንዳንዱ ፖስታ ላይ የቤት መጠሪያ ብቻ ነው ያለው፣ ለማሙሽ፣ ጦር ሠራዊት እንደማለት። በሦስት ፈረቃ፣ ሳምንቱን ሙሉ፣ በአንድ ፈረቃ 65,000 ገደማ ደብዳቤ። ስድስት ወር ተሰጥቷቸው በሦስት ወር ጨረሱት። የሞተው ወታደር ደብዳቤም በነሱ እጅ ነው ወደ ላኪው የሚመለሰው። ያንን በእጅሽ ይዘሽ ቁጭ በይና ፖስታ ለዪ ነኝ በይ።

ቢኒ፦ እሺ እሱ ይሁን፣ ግን የግሬግን ነገር አሁንም ማንም አልመለሰልኝም።

ሳራ፦ እኔ ልጄ እዛው ካምፕ ሎጂስቲክስ ተምራ ስትመረቅ ሰርተፊኬቷ ላይ ግሬግ አዳምስ ነው የሚለው። ሳሎን ሰቅያለሁ፣ አይወርድም። ሁለቱም አሉበት ቢኒዬ።

ጋሽ ታደሰ፦ መሲ ልጄ፣ የቃኘውም ደብዳቤ ይዘገይ ነበር፣ እሱን አውቃለሁ። ቢሆንም ተኩስ ያየና ያላየ እኩል ነው አልልም።

መሲ፦ ጋሼ፣ ጦርነት ቀጠና ውስጥ ነው የነበሩት። ፈረንሳይ ሩዋን እያሉ ሦስት ሴቶች በጂፕ አደጋ ሞተውባቸዋል፣ ለቀብሩ ራሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ነው የቀበሯቸው። ኖርማንዲ ኮልቪል፣ የአሜሪካ ጦር መቃብር ውስጥ፣ ከተዋጉት ወንዶች ጋር ነው ያረፉት።

ዳዊት፦ እዛ መቀበራቸውን አላውቅም ነበር። ስለ ካምፕ ስም ያልኩትን ግን አልቀየርኩም።

መሲ፦ «ፖስታ ለዪ» የምትለዋን አንሳልኝ መጀመሪያ፣ ከዛ ስለ ካምፑ ስም እናወራለን።