ለፋሲካ ያልኩት ሽንኩርት ማሳ ላይ ቀረ፤ ምን ላድርግ?

የመራዊው ገበሬ (መጋቢት 25፣ 2012)
እንዴት ሰነበታችሁ? በቆጋ መስኖ አንድ ጥማድ ቦምቤ ሬድ ሽንኩርት አለኝ። ወደ 40 ኩንታል ይወጣዋል ብዬ ገምቻለሁ። ለፋሲካ ገበያ እንዲደርስ ነበር የተከልኩት፤ ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራ መቼም። ኮሮና መጣና ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ለ14 ቀን ተዘጉ። ሁልጊዜ ከማሳ የሚረከበኝ ነጋዴ ስልክ አያነሳም። ትናንት አንድ ደላላ መጥቶ የዘሩን ወጪ እንኳን የማይመልስ ዋጋ ጠራልኝ። ለክረምቱ ማዳበሪያ የምገዛው ከዚህ ብር ነው። ከቅጠሉ ግማሽ ያህሉ ተኝቷል። ልሽጥ ወይስ ላቆይ?

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ
መጀመሪያ ውኃውን አቁም፤ ዛሬውኑ። ውኃ የጠጣ ሽንኩርት አይቆይም። ቅጠሉ አብዛኛው ሲተኛ ንቀለው። ስትደረድረው የአንዱ ቅጠል የሌላውን ራስ ይሸፍን፤ ፀሐይ ካገኘው ይቃጠላል። አንገቱ ደርቆ ሲቀጥንና ልጣጩ ሲንኮሻኮሽ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር አስቀርተህ ቁረጥ። አንገቱ ወፍራም የሆነውን፣ ያበበውንና ዶማ የነካውን ለይተህ ቶሎ ሽጥ ወይም ብላው። ለማቆየት የሚሆነው ደህናው ብቻ ነው።

የመራዊው ገበሬ
እሺ። በጆንያ አድርጌ ጎተራው ሥር ባስቀምጠውስ?

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ
በጭራሽ! በጆንያ ታፍኖ ከመሀል ይበሰብሳል፤ የምታውቀው ሲሸት ነው። ቆጥ ሥራለት። ሽመል ወይም የባሕር ዛፍ ጭራሮ ደርድር፣ ከላይ ሣር ክደን፣ ጎኑን ለነፋስ ተወው። ወፍራም ክምር አታድርግ። በየሳምንቱ እያየህ የላላውን አውጣ። ደግሞ ድንች አጠገብ እንዳታስቀምጠው፤ እርጥበቱ ያበላሸዋል።

ባሕር ዳር ያለ ነጋዴ
ወንድሜ፣ የቆመው የሰው ማመላለሻ ነው እንጂ ጭነት አልተከለከለም። ችግሩ ሹፌሩም ጫኙም መፍራቱ ነው። እኔ ራሴ አይሱዙ አግኝቼ የሚጭንልኝ ሰው አጥቼ ሁለት ቀን ቁጭ ብያለሁ።
አሁን ቁጠር። 14ቱ ቀን ሚያዝያ 6 አካባቢ ያልቃል። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነው። በመሀል አምስት ቀን አለህ። ካልተራዘመ ማለቴ ነው። ግን ያኔ ሁሉም ገበሬ በአንድ ቀን ያወጣዋል፤ ዋጋው እንዳምናው አይሆንም። በኩንታል ይወስድ የነበረው ሆቴል እንግዳ የለውም። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሠርግም ቀርቷል። የቀረህ በኪሎ የሚገዛው የቤት እመቤት ነው። ስለዚህ ግማሹን ለበዓሉ፣ ግማሹን ለክረምት መግቢያ አድርገው። ከጎረቤቶችህ ጋር ሆናችሁ አንድ መኪና ሙሉ ጭናችሁ አምጡ። ለአሥር ኩንታል የሚመጣ መኪና የለም።

የቢቸናዋ እናት
ልጄ፣ ሽንኩርቱስ ይሁን። እኔን ያስፈራኝ ብር ሲቸግርህ ጤፉን እንዳትሸጥ ነው። በበቆሎህና በጤፍህ እስከ መስከረም ካልደረስክ ሐምሌ ላይ መልሰህ በእጥፍ ትገዛለህ። ሽንኩርት ተሽጦ እህል ይገዛል እንጂ እህል ተሽጦ ሽንኩርት አይጠበቅም። ለነቀላው ደቦ ከጠራችሁ ደግሞ ተራራቁ። ጠላውን በአንድ ጣሳ አትቀባበሉ፤ ሁሉም ከቤቱ የራሱን ይያዝ። እኛ እንደዚያ ስናደርግ ሰው ተቀየመ፣ በኋላ ለመደው።

የአገው ምድሩ ገበሬ
በእኛ በኩል ድንቹ እንዲሁ ቀርቷል። ድንች ግን ይሻላል፤ ዝናብ እስኪጠና አፈሩ ውስጥ ትንሽ ይታገሣል። ወንድሜ በየዓመቱ ክረምት ላይ ለሰሊጥ አረም መተማ ይወርድ ነበር። ዘንድሮ አልሄድም ብሏል። ከዚያ የሚያመጣው ብር ለእኛም የማዳበሪያ ብር ነበር። እንግዲህ እናንተ የሽንኩርት፣ እኛ የጉልበት፣ ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ጆንያ ዩሪያ ነው።

ባሕር ዳር ያለ ነጋዴ
ማዳበሪያው እንኳን ይመጣል፤ የሚገዛበት ብር ነው የጠፋው። ለዚህ ነው አሁኑኑ ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጋር ተነጋገሩ የምለው። ብድር ይኖር እንደሆነ ጠይቁ፣ ግንቦትን አትጠብቁ።

የመራዊው ገበሬ (ሚያዝያ 14፣ 2012)
የሆነውን ልንገራችሁ። ከአራት ጎረቤቶቼ ጋር አንድ መኪና ሞላን። የእኔ 19 ኩንታል ሄደ። ዋጋው ካምናው በጣም ይወርዳል፤ ደላላው ከጠራው ግን ይሻላል። ቆጡ ላይ 16 ኩንታል አለ። 3 ኩንታል በስብሶ ጣልኩ፤ መጀመሪያ በጆንያ የከተትኩት ነው። አላመንኳችሁም ነበር። ብሩ የማዳበሪያውን ዋጋ ግማሽ ሞልቶልኛል፣ የቀረውን ማኅበሩ ለግንቦት ቀጥሮኛል። ጤፉ አልተነካም፤ እማማ ቢቸና፣ ይኸው።