የሸሚኪያ ኮፕላንድ አልበሞች፦ ከየትኛው ልጀምር?

የካዛንቺሷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ዩቲዩብ ላይ ሌላ ነገር ስፈልግ አንዲት ሴት "ጌቶ ቻይልድ" የሚል ዘፈን ስትዘፍን አጋጠመችኝ። ሻይ ልቀዳ ተነስቼ ነበር። ባዶ ብርጭቆ እንደያዝኩ ቆሜ ጨረስኩት። ሸሚኪያ ኮፕላንድ ትባላለች። ቆይቼ ሳጣራ አባቷ ጆኒ ኮፕላንድ ነው፤ ያ በቴክሳስ ብሉዝ ስሙ የሚነሳው ጊታሪስት። ዘፈኑም የእሱ ነው ለካ!

አልበሞቿን ላዳምጥ ብዬ ስገባ ከ1998 እስከ 2024 በፈረንጆቹ የተደረደረ ነገር ጠበቀኝ። ግራ ገባኝ። እዚህ ብሉዝ የምታዳምጡ ሰዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጠይቃችሁ። ከየትኛው ልጀምር? ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ንገሩኝ። እንዲህ ያለ አባት እያላት እንዴት አድርጋ ነው "የእገሌ ልጅ" ከመባል የወጣችው? ወይስ አልወጣችም?

ይሄን የምጠይቀው ለራሴም ስለሆነ ነው። አባቴ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔ እዘፍናለሁ። ባለፈው አንድ አቀናባሪ ጋ ሦስት የራሴን ዘፈኖች በስልኬ ቀድቼ ሄጄ ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ እንኳን ሳይሰማ "እሱን ተይውና የአባትሽን ዘመን ዘፈኖች ሪሜክ እንሥራ፣ ስሙ ይሸጣል" አለኝ። አባቴን እወደዋለሁ። ግን የዛን ቀን ታክሲ ውስጥ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።

ሸክላ_ሰብሳቢ፦

እህቴ እንኳን ደህና መጣሽ። እኔ የምልሽ ከመጀመሪያው ጀምሪ ነው። "ተርን ዘ ሂት አፕ" ይባላል፣ 1998 የወጣ፣ አሊጌተር የሚባለው የቺካጎው ኩባንያ ያሳተመው። ያኔ 19 ዓመቷ ነው። አባቷ የሞተው ደግሞ ከዛ በፊት በነበረው ዓመት፣ ሐምሌ 1997 ላይ ነው። ይሄን ይዘሽ ስሚው። ያ የሰማሽው "ጌቶ ቻይልድ" እዛ ውስጥ አለ።

አባትየው በልብ ሕመም ብዙ ተሰቃይቷል። ደም የሚገፋ መሣሪያ ሰውነቱ ላይ ተገጥሞለት መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። 1997 መግቢያ ላይ የሌላ ሰው ልብ ተተከለለት፣ መንፈቅ ቆይቶ አረፈ። ሸሚኪያ 16 ዓመት አካባቢ ሆና ነው የእሱን ዝግጅቶች መክፈት የጀመረችው። እሷ አባቴ ደክሟል፣ ላግዘው ብላ ነው የምትወጣው። በኋላ ራሷ ስትናገር፣ ለካ እሱ ነው ሲያግዛት የነበረው፤ ሰው እንዲያያት፣ መድረኩን እንድትለምደው ብሎ ነው ይዟት የዞረው። ገና በ8 ዓመቷም ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ ኮተን ክለብ የሚባለው ቤት መድረክ ላይ አውጥቷታል።

ከዛ ሁለተኛውን "ዊክድ"ን ያዢ፣ 2000። እዛ ላይ ከሩት ብራውን ጋር አብራ የዘፈነችው አለ፤ አንጋፋዋ የአርኤንድቢ ንግሥት ናት፣ ልጅትዋ ምንም አልፈራቻትም። ሦስተኛውን "ቶኪንግ ቱ ስትሬንጀርስ" (2002) የኒው ኦርሊንሱ ፒያኒስት ዶክተር ጆን ነው ያዘጋጀው፤ የኒው ኦርሊንስ ሽታ አለው፣ ፒያኖው ራሱ ይበቃል። "ዘ ሶል ትሩዝ"ን (2005) ደግሞ የሶል ጊታሪስቱ ስቲቭ ክሮፐር ነው ያዘጋጀው። እሱ እንኳን ወደ ሶል ያደላል፣ እኔ ብዙ አልመላለስበትም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ፦

ሸክላ_ሰብሳቢ የምትለው ልክ ነው ግን እኔ ከዛ አልጀምርም። የመጀመሪያዎቹ አልበሞች ላይ ድምጿ ይገርማል፣ አዎ። ጉልበት ነው፣ እሳት ነው። ግን ገና የምትለው ነገር እየፈለገች ነው፤ ወንድ አታለለኝ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ምናምን። አሪፍ ነው ግን ያንን ብዙ ሰው ይዘፍነዋል።

እኔ ብሆን ከ"አሜሪካስ ቻይልድ" ነው የማስጀምራት። 2018 ናሽቪል ውስጥ ዊል ኪምብሮ ያዘጋጀው። ያኔ ወልዳ ነበር፣ ልጇ ገና ትንሽ ነው፤ ሙሉ አልበሙ ላይ "ይሄ ልጅ የሚያድግበት አገር ምን ዓይነት ነው?" የሚል ጭንቀት ይሰማል። መጨረሻው ላይ እሹሩሩ ትላለች፣ በእውነት ልጅ የምታስተኛበት ዓይነት ዘፈን። "ዉድ ዩ ቴክ ማይ ብለድ" የሚለውን ስሚ። በቀለሟ የሚጠላትን ሰው ነው የምትጠይቀው፦ ልትሞት ብትል፣ የሚያድንህም የእኔ ደም ብቻ ቢሆን፣ ትወስደዋለህ ወይ? አትጮኽም። ዝም ብላ ነው የምትጠይቀው። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት በሥራ መኪናዬ ውስጥ ነው፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ኋላዬ ያሉት ክላክስ እስኪያደርጉ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም።

እዛው አልበም ላይ ጆን ፕራይን አብሯት ይዘፍናል፣ ሪያነን ጊደንስ ባንጆ ትጫወትላታለች። ብሉዝ ነው፣ ካንትሪም አለበት። አንዳንድ ጥብቅ የብሉዝ ሰዎች አይወዱትም። በብሉዝ ሙዚቃ ሽልማት ግን የዓመቱ አልበም ሆኗል።

ከዛ "አንሲቪል ዋር"፣ 2020። "ክሎቲልዳስ ኦን ፋየር" የሚለው ዘፈን ብቻውን አንድ መጽሐፍ ነው። ክሎቲልዳ ባሪያ ጭና አሜሪካ የገባች የመጨረሻዋ መርከብ ናት። 1860፣ አላባማ፣ ሞቢል። ባሪያ ከውጭ ማስገባት ከተከለከለ 50 ዓመት አልፎት፣ 110 የሚሆኑ ሰዎችን ከዛሬዋ ቤኒን አመጡና ማስረጃ እንዳይገኝ መርከቧን አቃጠሏት። ስብርባሪዋ መገኘቱ የተነገረው 2019 ነው። ዘፈኑ ላይ ጊታር የሚጫወተው ጄሰን ኢዝቤል ጊታሩን ሲይዘው በቃ የሚነድ እንጨት የምትሰሚ ይመስልሻል።

ሸክላ_ሰብሳቢ፦

ሲልቨር ስለ "አሜሪካስ ቻይልድ" አልከራከርህም፣ ትልቅ አልበም ነው። ግን ልጅቷ የጠየቀችው ስለ አባትና ልጅ ነው። እሱ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሸሚኪያ በእያንዳንዱ አልበም ማለት ይቻላል አንድ የአባቷን ዘፈን ታስገባለች። አንድ ብቻ! "ዊክድ" ላይ "ኢትስ ማይ ኦን ቲርስ"፣ "33 1/3" ላይ "ዋን ሞር ታይም"፣ "አውትስከርትስ ኦፍ ላቭ" ላይ "ዴቭልስ ሃንድ"፣ "አሜሪካስ ቻይልድ" ላይ "ፕሮሚስድ ማይሰልፍ"፣ "አንሲቪል ዋር" ላይ "ላቭ ሶንግ"፣ የመጨረሻው "ብሌም ኢት ኦን ኢቭ" (2024) ላይ "ዳውን ኦን ቤንድድ ኒ"። በየአልበሙ አንድ ወንበር ለእሱ ትተዋለች፣ የቀረውን ቤት ግን የምታስተዳድረው እሷ ናት።

ደግሞ የአባቷን መሣሪያ አላነሳችም። እሱ በጊታር ነው የሚታወቀው። እሷ ዘፋኝ ናት፣ በቃ። ስለዚህ ማንም "እንደ አባቷ መታች፣ አልመታች" ብሎ ሊለካት አይችልም። ካዛንቺስ፣ አንቺም ሳክስፎን አትነፊም አይደል?

ጋሽ_መዝገቡ፦

ልጆቼ፣ ስለ አባትየው ትንሽ ልጨምር። እኔ እሱን ነው በደንብ የማውቀው። 1937 ሉዊዚያና ተወልዶ፣ ልጅነቱን አርካንሳስ አሳልፎ በወጣትነቱ ሂዩስተን ገባ። ለዓመታት እዛ ትንንሽ ሸክላ ሲያስቀርጽ ኖረና ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። ስሙ የወጣው ከ40 ዓመቱ በኋላ ነው፤ "ኮፕላንድ ስፔሻል" የተባለው አልበም 1981 ሲወጣ። 1985 ደግሞ ከአልበርት ኮሊንስና ከሮበርት ክሬይ ጋር "ሾውዳውን"ን ሠራ፣ ግራሚ አገኙበት። ሦስት ጊታር አንድ ላይ ሆኖ አንዱ ሌላውን የማይረግጥበት አልበም ብዙ የለም።

ለእኛ ግን የሚቀርበው ሌላው ነው። ጆኒ ምዕራብ አፍሪካን ዞሮ ዞሮ አቢጃን ላይ ከዛው ሙዚቀኞች ጋር አልበም ቀረጸ። "ብሪንጊን ኢት ኦል ባክ ሆም" ይባላል፣ ሁሉንም ወደ ቤቱ መለስኩት እንደማለት ነው። ኮራ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ ባለ ክር መሣሪያ አለበት። የቴክሳስ ጊታርና ኮራ ሲነጋገሩ ትሰማላችሁ። ሴትየዋ በ2020 ስለ መርከቧ ስትዘፍን እኔ የታየኝ ይሄ ነው። አባቷ ሙዚቃውን ይዞ ወደ መጣበት ሄደ። እሷ ሰዎቹ የመጡበትን መንገድ ተናገረች። አንድ ጉዳይ ነው፣ ሁለቱም በየራሳቸው ነው የያዙት።

እግረ መንገዴን፣ እዚህ አገር ብሉዝ ሲነሳ ሁሉ "ትዝታ ማለት የእኛ ብሉዝ ነው" ይባላል። ስሜቱ ይገናኛል፣ አልክድም። ግን ትዝታ በአምስት ድምፅ ቅኝቱ ላይ ይኖራል፤ ብሉዝ የሚኖረው በድምፆቹ መሃል፣ ጣት ጅማቱን ገፋ አድርጎ በሚያጣምመው ቦታ ነው። አዳምጣችሁ ለዩት። ሁለቱም በየስማቸው ቢጠሩ ደስ ይለኛል።

ቅኝት_፭፦

ጋሼ እናመሰግናለን። ለካዛንቺስ፣ ሌሎችንም የልጅ ነገር ስሚ። የብሉዙ አንጋፋ የመዲ ዋተርስ ልጅ ቢግ ቢል ሞርጋንፊልድ አስተማሪ ነበር፣ አባቱ 1983 ከሞተ በኋላ ነው ጊታር አጥብቆ የያዘው፤ የመጀመሪያ አልበሙ 1999 ነው የወጣው። ድምፁ አባቱን ቁጭ ነው፣ እሱም ከዛ አልሸሸም። የማሊው ጊታሪስት አሊ ፋርካ ቱሬ ደግሞ ልጁ ቪዩ ሙዚቀኛ እንዲሆን አይፈልግም ነበር፣ ወታደር ሁን ነው ያለው። ልጁ ግን ጊታሩን አነሳ። ሁሉም በየራሱ መንገድ ነው የሚወጣው። አንቺም አቀናባሪ ቀይሪ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ፦

አንድ ነገር ረሳሁ። እኔ በአካል አይቻታለሁ፣ እዚህ አካባቢ፣ ብዙም ሰው የማይዝ ቤት ውስጥ። "ጌቶ ቻይልድ" ላይ ስትደርስ ባንዱ ድምፁን ቀነሰ። እሷ ከማይኩ ራቀች፣ ወደ መድረኩ ጫፍ መጣች፣ ያለ ማይክ ቀጠለች። ባሩ ላይ በረዶ የሚጨምር ልጅ ነበር፣ እጁን አቆመ። ከኋላ ግድግዳ ተደግፌ ነው የቆምኩት፣ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ትልቅ ሴትዮ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። የአባቷ ዘፈን መሆኑን መጀመሪያ ላይ ነግራን ነበር። ከዛ በኋላ ስለ አባትየው ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የካዛንቺሷ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ጋሽ መዝገቡን። ሦስት ቀን ስሰማ ነው የከረምኩት። በሁለቱም ጀመርኩ፣ ማለቴ ጠዋት "ተርን ዘ ሂት አፕ"፣ ማታ "አሜሪካስ ቻይልድ"። ሲልቨር፣ ያ የደሙን ዘፈን እናቴ አጠገቤ ሆና ነው የሰማሁት፣ ተርጉሜ ነገርኳት፣ ዝም አለችና "መልሰሽ ክፈችው" አለችኝ። "ደን ከም ቱ ፋር" ከሚለው ሌላ አልበሟ ላይም "ዘ ቶክ"ን አገኘሁ፣ እናት ለልጇ ፖሊስ ሲያስቆመው ምን ማድረግ እንዳለበት የምትነግርበትን። እሱን ግን ለእናቴ አልተረጎምኩላትም።

ከዛ የአባትየውን "ጌቶ ቻይልድ" ፈልጌ ከእሷው ጋር እያፈራረቅኩ ሰማሁ። እሱ ሲዘፍነው ጊታሩ ይመልስለታል። ይላል፣ ጊታሩ ይመልሳል፣ ይላል፣ ይመልሳል። እሷ ጋ ያንን መልስ የምትሰጠው ራሷ ናት፣ ቃሉን ትጨርስና እዛው ላይ በድምጿ ትቀጥላለች። ሸክላ_ሰብሳቢ፣ ሳክስፎን አልነፋም። ግን አባቴ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ የሚለማመደው አንድ መግቢያ ነበር፣ ስምም የለው፣ ያልተቀረጸ፣ ልብሱን እየለበሰ በአፉ እንኳን ያፏጨው ነበር። ትናንት ማታ ያለ ቃል በድምፄ ዘፈንኩትና የራሴ ሁለተኛው ዘፈን መሃል ላይ አስገባሁት። ስምንት ሰከንድ ይሆናል። ሌላው የራሴ ነው።

ሸክላ_ሰብሳቢ፦

ቀድተሽዋል?

የካዛንቺሷ፦

በስልኬ። ወጥ ቤት ሆኜ ስለሆነ የማንቆርቆሪያው ድምፅ አለበት። ቅዳሜ በደንብ ቀድቼ እዚሁ አስቀምጥላችኋለሁ።