የኃያላን ፉክክር ለአፍሪካ ቀንድ «የመደራደሪያ ዕድል» ነውን?

የባሕር በር፦ «ታዛቢ» የኃያላን ፉክክር ለአፍሪካ ቀንድ አገሮች «የመደራደሪያ ዕድል» ከፍቷል ሲሉ ትናንት የጻፉትን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ስትነድ፣ ጅዳ ላይ ያደራደሩት አሜሪካና ሳዑዲ ዓረቢያ ነበሩ፤ በሴፕቴምበር 2025 ጦርነቱ ስለሚቆምበት መንገድ የጋራ መግለጫ ያወጡትም አሜሪካ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችና ግብፅ ናቸው። ከአራቱ አንዱም የቀጠናችን መንግሥታት ድርጅት የሆነው የኢጋድ አባል አይደለም። በገዛ ደጃችን ስለሚፈሰው ደም ሲመከር ወንበር ላላገኘነው ለእኛ የመደራደሪያ ዕድሉ የቱ ነው?

ታዛቢ፦ ጂቡቲን ይመልከቷት። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓንና የጣሊያን ጦር ሰፈሮች ባሉበት ጠባብ ምድር በ2017 የቻይናን ጨመረች፤ ለአንዳቸውም ሎሌ ሆና ግን አላደረችም። በ2018 የዶራሌን የኮንቴይነር ተርሚናል ከዱባዩ የወደብ ኩባንያ ከዲፒ ወርልድ እጅ ስትወስድ፣ ፊቷን የምታዞርበት ሌላ ወገን ባይኖራት ኖሮ ትደፍረው ነበር ብዬ አላምንም። «የመደራደሪያ ዕድል» ያልኩት ይህንን ነው።

አዋሽ፦ ያ የጂቡቲ መንግሥት ዕድል ነው እንጂ የቀጠናው አይደለም። አሜሪካ በ2014 ለጂቡቲው ጦር ሰፈሯ ለካምፕ ሌሞኒዬ በዓመት 63 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል ስትስማማ ለጎረቤት አገሮች ደኅንነት የተጨመረ ነገር የለም። እያንዳንዱ መንግሥት ለብቻው የውጭ ደጋፊ ፈልጎ ሲዋዋል ጎረቤቱ ውሉን እንደ ሥጋት ያየዋል፤ እርሱም በተራው ሌላ ደጋፊ ይፈልጋል። ደጋፊውም ቢሆን ጉዳዩ ሲያበቃ ይሄዳል፦ ኤምሬቶች አሰብን የየመን ጦርነት መንደርደሪያ አድርገው ከቆዩ በኋላ በ2021 ነቅለው ወጥተዋል።

ሰሜን ኮከብ፦ ስለ ዋሽንግተንና ቤጂንግ ስንከራከር ሪያድን፣ አቡ ዳቢን፣ አንካራንና ካይሮን እንረሳለን። በጃንዋሪ 2020 ሪያድ ላይ የተመሠረተው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ምክር ቤት ስምንት አገሮችን ሲያቅፍ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላትን ኢትዮጵያን ውጭ አስቀርቷል።

ምጽዋ፦ ምክር ቤቱ የጠረፍ አገሮች ማኅበር ነው። የሕዝብ ብዛት ማንንም የባሕር ጠረፍ ባለቤት አያደርግም፤ ይህንን እንደ በደል ማቅረብ ተገቢ አይደለም።

ሰሜን ኮከብ፦ ዮርዳኖስ በዓቃባ ባላት አጭር ጠረፍ ገብታ፣ ንግዷ በአብዛኛው በጂቡቲ በኩል የሚያልፍ አገር ሳትጠየቅ የሚመከር የባሕር ደኅንነት ጎዶሎ ነው።

ታዛቢ፦ አንካራን ካነሣችሁ፣ ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2024 ሶማሊያ ግዛቴ ከምትላት ከሶማሌላንድ ጋር በፈረመችው የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ የተነሣ የተቃቃሩት ኢትዮጵያና ሶማሊያ በዲሴምበር 2024 በአንድ መግለጫ የተስማሙት በቱርክ ሸምጋይነት ነው። አማራጭ መኖሩ ጠቅሟል።

አዋሽ፦ ሁለቱም የኢጋድ አባላት ሆነው ሳለ ሦስተኛ አገር ድረስ መሄዳቸው የእኔን ነጥብ ያጠነክራል። በኢጋድ ሸምጋይነት ከኬንያዋ ማቻኮስ ድርድር ተነሥቶ በ2005 የሱዳንን የሰሜንና የደቡብ ጦርነት ያስቆመው ስምምነት የተገኘው አሜሪካ፣ ብሪታንያና ኖርዌይ በአንድነት ከጀርባው ስለቆሙ ነው። ያኔ የውጭዎቹ ተባብረው ነበር፤ ዛሬ እየተፎካከሩ ነው። ታዲያ «ዕድል» ያሉትን ፉክክር ያመሰገኑት በየትኛው ውጤቱ ነው?

ታዛቢ፦ በጃንዋሪ 2024 ኢጋድ ስለ ሱዳን፣ ስለ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ጉዳይ ኢንቴቤ ላይ መሪዎችን ሲጠራ ኢትዮጵያ አልተገኘችም፤ ሱዳንም በዚያው ሰሞን አባልነቷን አገደች። ኤርትራ በ2023 ተመልሳ ገብታ በዲሴምበር 2025 ወጣች። ወንበሩን ማን ነጠቀን? እኛው ትተነው ሄድን። ለዚህ ዋሽንግተንንም ቤጂንግንም አልከስም።

የባሕር በር፦ ወንበሩን የተውነው ሌላ ቦታ የተሻለ ወንበር የሚሰጥ ደጋፊ እንዳለ እያንዳንዱ መንግሥት ስለሚያውቅ ነው። «የመደራደሪያ ዕድል» ያሉት እርሱን ከሆነ፣ ኢጋድን ያፈረሰው እርሱ ነው።

ታዛቢ፦ ደጋፊ ፍለጋ ከመምጣቱ በፊትም ጎረቤታሞቹ አልተማመኑም። ቃሌን አላነሣም።