ደሴ እንቆይ ወይስ ኮምቦልቻ እንውረድ?

እኔና ባለቤቴ ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ሁለት ክፍል በ7,000 ብር ተከራይተን እንኖራለን። እኔ እዚሁ አስተምራለሁ። እሱ የሚሠራው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው፤ በየቀኑ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዶ ማታ ይመለሳል። ትራንስፖርት ብቻ በወር 4,000 ብር ይበላል። ማታ መኪና ሲጠፋማ ተዉት።

ሁለት ወር ብቻውን እዚያ ተከራይቶ ሞከርነው። ሁለት ኪራይ፣ ሁለት አስቤዛ፤ ብሩ የት እንደገባ ሳናውቅ አለቀ።

አሁን ኮምቦልቻ ተመሳሳይ ቤት በ9,000 አግኝተናል፤ አከራዩ የስድስት ወር ቅድመ ክፍያ ይላሉ። ከወረድን ግን በየቀኑ የምመላለሰው እኔ ልሆን ነው። የሦስት ዓመት ልጃችንን በነጻ የምትይዝልን እናቴም ደሴ ትቀራለች። የደሴን ብርድ እንኳ አልናፍቀውም።

ኮምቦልቻ ትንሽ ልጅ ይዛችሁ የምትኖሩ፣ ለሞግዚት ወይም ለሕፃናት ማቆያ በወር ስንት ትከፍላላችሁ?